የሸኮዋ ላም

«ላም ነበራችሁ እንዴ?» አለች ካሰች፣ ደረቷን መምታቷን ሳታቋርጥ ወደ ንጋቷ ጆሮ ዘንበል ብላ።

ንጋቷ ከነጠላዋ ውስጥ ቀና አለች። «የምን ላም?»

«ሸኮ ያለችዋ ናታ። ያ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠው ሰውዬ ‹ከጋሽ ባዘዘው ጋር እኩል የገዛናት ላም አለችን› ብሎ ለዕድሩ ዳኛ ሲነግረው በጆሮዬ ሰማሁ።»

«ባዘዘው እንኳን ላም ዶሮ አልነበረውም።»

«እኔ እንጃ። ሰውየው ግን የሚያለቅሰው የባለላም ለቅሶ ነው።» ካሰች ይህን ብላ ጉሮሮዋን ጠረገችና ድምጿን አነሳች፦

«የሸኮዋ ላሙ አልታለብ አለች፣
የጌታዋን መሞት በምን አወቀች።»

ድንኳኑ በአንድ አፍ «ወይኔ» አለ። ባርኔጣ የያዘው ሰውዬ፣ ማቴዎስ የሚባለው የሸኮ ገበሬ፣ ይበልጥ አቀረቀረ። ንጋቷ ግን እንባዋ እዚያው ዓይኗ ላይ ቆመ። ባሏ ከተቀበረ ገና ጀምበር አልጠለቀችም፤ ላም አወጣ።

ካሰች በሚዛንና በአማን ለቅሶ ቤት ሁሉ የምትፈለግ ሙሾ አውራጅ ናት። የሟቹን ነገር ጠይቃ፣ የሰጧትን ይዛ ታወርዳለች። «ያለ ነገር ሙሾ አይወርድም» ትላለች። በዚህኛው ሟች ግን ከማለዳ ጀምሮ ተቸግራ ነበር። ባዘዘው ልጅ አልወለደም፤ ርስት የለውም። የድሮ ወታደር ነበር ሲሏት ደስ ብሏት «የት የት ተዋጋ?» ብላ ጠየቀች፤ ንጋቷም እውነተኛ ሴት ናትና የውትድርና ዘመኑን ሁሉ የጦሩን ወጥ ሲሠራ እንደኖረ ነገረቻት። ሠራዊቱ የተበተነ ጊዜ ሚዛን ላይ ቀረ፤ ንጋቷን አገባ፤ ከቤታቸው አጥር ወዲያ ያለው ጤና ጣቢያ ዘበኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በር ጠበቀ፤ በር ላይ ተቀምጦ ሰው ሰደበ።

«ወጥ ሠርቶ፣ በር ጠብቆ፣ ተሳድቦ ሞተ» አለች ካሰች በጣቷ እያጠፈች። «እህቴ፣ ከዚህ ላይ ምን ላንሣ?»

ስለዚህ ላሟ ለካሰች ከሰማይ የወረደች ነበረች።

ባዘዘው የሞተው ሥራው ላይ ነው። ጠዋት በሩ ላይ፣ ከወንበሩ ሳይነሣ። ሰው ሁሉ «እንደምን አደሩ ጋሽ ባዘዘው» እያለ አለፈ፤ መልስ ባይሰጥ ማንም አልገረመውም፤ ቀድሞም ሰላምታ መላሽ አልነበረም። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ግን ካርዷን ረስታ መጥታ፣ ስድቡን ለመቀበል አንገቷን ሰብራ ስትገባ፣ ዝም አላት። ሴትዮዋ ቀጥ ብላ ነርሱ ባስልኤል ዘንድ ሄደችና «ዘበኛው ሳይሰድበኝ አሳለፈኝ፤ ጤነኛ አልመሰለኝም» አለችው። ባስልኤል እየሮጠ ወጣ። ነፍሱ ሄዳለች፤ ፊቱ ግን እንደተቆጣ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ገናዦቹ ያን ግንባር ለማቃናት ብዙ ደክመዋል።

በማግስቱ ዝናቡ ሳያባራ አንድ የቴፒ ነጋዴ መጣ፤ አሕመዲን ነው ስሙ። ንጋቷን የገረማት መምጣቱ አልነበረም። ድንኳኑ በፊት ለፊት፣ በመንገዱ በኩል ተተክሎ፣ ሰው ሁሉ በዚያ ሲገባ፣ አሕመዲን በጓሮ መጣ። በእንሰቱ ተክል መሀል፣ ከጤና ጣቢያው አጥር ሥር ባለችው ቀጭን መንገድ፣ ጎንበስ ብሎ የሾላዋን ቅርንጫፍ አሳልፎ፣ እዚያ እንደተወለደ ሰው ብቅ አለ። ማቴዎስም ትናንት በዚያው በኩል ነበር የገባው። እንግዳ ሰው ይህን መንገድ በምን አወቀው?

«በምን ትተዋወቁ ነበር?» አለው የዕድሩ ዳኛ፣ የቡና ቅጠሉን መጠጥ በቅል እየሰጠው።

አሕመዲን ቅሉን ተቀብሎ አንድ ጊዜ ፉት አለ። «ቴፒ ላይ የቡና ማሳ ነበረን። እሱ ያርማል፤ እኔ እለቅማለሁ።»

ሚዛን ከቀረ ወዲህ ከከተማው ወጥቶ የማያውቅ ሰው ቴፒ ላይ አርሞ መቼ ተመለሰ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ካሰች እንደሆነች እየጠበቀች ነው፦

«ቴፒ ያለው ቡና ቀይ ለብሶ ቆሞ፣
ለቃሚው ተኛ ወይ አፈር ተሸክሞ።»

አራሚና ለቃሚ ቢዛነፍም ቤቱ ስለገጠመ ማንም አልተቆጣ። በሁለት ቀን ውስጥ የጤና ጣቢያ ዘበኛው የላምና የማሳ ጌታ ሆነ። ከመንገድ ማዶ የመጡ ሴቶች «ደብቆሽ ነው የኖረው፣ ወንድ እኮ እንዲህ ነው» እያሉ ንጋቷን ያጽናኑ ጀመር፤ እንዲህ ያለው ማጽናናት ከሐዘኑ ይከብዳል።

ከሁሉም የከበደችው ደግሞ አንዲት ሴት ናት። ሎሚ ትባላለች። ከማጂ በጭነት መኪና ተሳፍራ ነው የመጣችው። ወጣት ናት፤ መልኳ ያማረ፤ የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፋ ድምፅ ሳታወጣ ታለቅሳለች። እንባዋ ደግሞ የውሸት አይደለም፤ ያንን ንጋቷም አየች። ዳኛው ያችኑ ጥያቄ ሲጠይቃት «እንዲሁ አውቃቸዋለሁ» አለች። ላም የለ፣ ማሳ የለ፤ እንዲሁ!

«‹እንዲሁ› ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለች ካሰች በሹክሹክታ።

«አላውቅም።»

«ታውቂያለሽ እንጂ።»

ንጋቷ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማልቀስ አቃታት። ልቅሶ ለማን? የምታውቀው ባዘዘው ሌላ፣ እነዚህ የሚያለቅሱለት ባዘዘው ሌላ። ይህ ሰው ማን ነበር? ሌላ ትዳር ነበረው? ደግሞ እሷ ወጥታ ጉሊት በምትውልባቸው ቀናት፣ ዝንጅብልና ኮረሪማዋን ዘርግታ በምትቀመጥበት ሰዓት፣ በዚያች በጓሮ መንገድ ማን ይመላለስ ነበር? መዝሙረ ዳዊቱን አምጥታ «እግዚአብሔር ብርሃኔና መድኃኒቴ ነው» ልትል ሞከረች፤ ፊደሉ ላይ የሸኮዋ ላም መጣችባት።

የምታውቀው ባዘዘው እንዲህ ነበር። ቤት ውስጥ ድምፁ የድመት እርምጃ ነው። ወጡ ጨው አነሰው ለማለት እንኳ ያፍራል፤ ጨውን በዓይኑ ፈልጎ፣ ጠብቆ፣ ካልመጣለት ያለ ጨው ይበላል። በር ላይ ሲቀመጥ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ምሳ ልታደርስለት የሄደች ጊዜ ጩኸቱን ከሩቅ ትሰማ ነበር። «አንተ ሳር አጫጅ! አሁን ነው የሚመጣው? ሳሩ ጫካ ሆኖ እባብ ሲያረግዝ ተኝተህ ታድራለህ! ቀጥ ብለህ በጓሮ ግባ፤ ዓይንህን አልየው!» ሰውየው ማጭዱን ትከሻው ላይ አድርጎ አንገቱን ሰብሮ ያልፋል። ከማዶ ባለው ሻይ ቤት የተቀመጡት ይስቃሉ። ንጋቷ ግን የሰሐኑን ክዳን ይዛ በሐፍረት ትቀልጣለች።

«ባዘዘው» አለችው አንድ ቀን፣ «ይህ አፍህ ነፍስህን ይወስዳታል። ለንስሐ አባትህ ተናገር።»

«ተናግሬያለሁ» አላት በዚያች በቤት ድምፁ።

«ምን አሉህ?»

«ጨምርበት አሉኝ።»

በካህን ቀለደ ብላ ሰንበት እስኪያልፍ አኮረፈችው። እሱም ያለ ጨው በላ።

ማጭዶቹስ? ጓሮ ካለው አጥር ላይ ምስማር መትቶ በተርታ ሰቅሏቸዋል፤ እጀታቸው ላይ የተለያየ ክር ታስሯል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። «የመንግሥት ናቸው፤ አትንኪያቸው» ብሏታል። ሲሰቅላቸው ሁልጊዜ እጀታቸውን ወደ ቀጭኗ የጓሮ መንገድ አድርጎ ነው። እሷ ሌባ ይወስዳቸዋል እያለች ወደ ውስጥ ታዞራቸዋለች፤ በነጋታው ወደ ውጭ ዞረው ታገኛቸዋለች። በዚህ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገሩም፤ ዓመታት ግን ተዋግተውበታል። ይህ ሁሉ ማጭድ እያለ የጤና ጣቢያው ሳር ወገብ ይደርስ ነበር። አስተዳዳሪው ሠራተኛውን ሰብስቦ «አጫጅ እንደ አንበጣ ሲገባ አያለሁ፤ ሳሩ ግን ምነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ባዘዘው ተነሥቶ «የሚዛን ዝናብ ነው፤ ከፊት ሲያጭዱት ከኋላ ይበቅላል» አለ ይባላል። የዚህን አገር ዝናብ ለሚያውቅ ሰው መልሱ ነውር አልነበረበትም።

ከቀትር በኋላ ንጋቷ ከበርሜሉ ውኃ ልትቀዳ ወደ ጓሮ ወጣች። ማቴዎስና አሕመዲን ከአጥሩ ሥር ቆመው ያወራሉ። አላዩአትም።

«አንተ ሰው፣ ላም ምን አስወራህ?» ይላል አሕመዲን። «የዕቁብ ወዳጁ ነኝ ብትል አይበቃም ነበር?»

«ደነገጥኩ» አለ ማቴዎስ። «ዳኛው ‹በምን ትተዋወቃላችሁ› ሲለኝ አንዲት ላም መንገድ ስታቋርጥ አየሁ።»

«ለእኔም ችግር አመጣህብኝ። ‹ላሟን ታውቃታለህ?› ሲለኝ ላግዝህ ብዬ ‹ጥቁር ናት› አልኩት።»

«እኔ ቀይ ብያለሁ።»

«ሰማሁ። ‹ቀይ ሆና ጥቁር ጣል ጣል ያለባት› ብዬ አቃናሁት። አሁን ዳኛው ምን አለ? ‹ግማሿ የመበለቲቱ ናት፤ ነገ በሠልስቱ ትምጣና ትታይ።› ከየት ታመጣታለህ?»

ማቴዎስ እጁን ዘርግቶ ቀይ ክር ያላትን ማጭድ ከምስማሯ አወረደ። እንደ ቆየ ዕቃ በአውራ ጣቱ ጠረጋት። «ይቺ እኮ የእኔ ናት» አለ ቀስ ብሎ። ያን ጊዜ ንጋቷን አያት። ማቴዎስ ማጭዷን ወደ ቦታዋ መለሳት፤ እጀታዋን ወደ ውጭ አድርጎ።

ንጋቷ ባልዲዋን እንደያዘች ቆመች። ቢያንስ ላም እንደሌለች አሁን አወቀች። ታዲያ ሁለት የጨዋ ልጆች፣ አንዱ የጸሎት ቤት ሰው አንዱ ሰጋጅ፣ በሬሳ ላይ ተስማምተው የሚዋሹት ለምንድን ነው?

ወደ ድንኳኑ ስትመለስ ባስልኤል መጥቶ ሲገባ አገኘችው። ነርሱ ባስልኤል እንግዲህ የዘጠኝ ቁጥር ነርስ ነው። ዘጠኝ ቁጥር ምን እንደሆነ በዚያ ዘመን ሕፃን ያውቃል። ያ በሽታ በየቤቱ የገባ ጊዜ ጤና ጣቢያው መልኩን ለወጠ፤ አልጋው አልበቃ፣ ባለሙያው አልበቃ፣ የእናቶች ክትባት ከቤት ወጥቶ በማንጎው ዛፍ ሥር ሆነ፤ ክትባቱ የወጣበት ክፍል፣ ዘጠኝ ቁጥር፣ ለኤች አይ ቪ መድኃኒት ተሰጠ። መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ ሰው ግን መድኃኒቱን ከመፍራት ይልቅ በሩ ፊት ያለውን አግዳሚ ወንበር ፈራ። ሻይ ቤቱ በትክክል ትይዩው ነውና ሻይ ጠጪው ወንበሩን እንደ ኳስ ጨዋታ ያያል፤ ማታ ደግሞ ውጤቱ በከተማው ይነገራል። ስለዚህ የሚዛን ሰው መድኃኒቱን ሊወስድ ቴፒ ይሄዳል፤ የቴፒው ሚዛን ይመጣል፤ መኪኖቹ ሸኮ ላይ ሲተላለፉ ተሳፋሪው በመስኮት ይተያይና ፊቱን ይመልሳል።

ባስልኤል የለቅሶ ወግ ያውቃል። የዕድሩን ዳኛ ትከሻ ነካ፤ ካሰችን «በርቺ» አላት፤ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ እጅ ነሣ፤ ቅል አጣቢዋን ልጅ እንኳ ሰላም አለ። ማቴዎስ ጋ ሲደርስ ዓይኑ እንደ ባዶ ወንበር አለፈው። አሕመዲንንም እንዲሁ። ምሰሶው ሥር ያለችው ሎሚ ቀና አለች፤ ባስልኤል ምሰሶውን ብቻ አየ።

ካሰች «ሰው ይመርጣል እንዴ ይሄ ነርስ፣ ኩራተኛ ነው» ብላ አጉረመረመች። ንጋቷ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። እሷም ባንድ ወቅት ይህንኑ ብላ ነበር፤ ገበያ ላይ ባስልኤል ሰዎችን ሳያይ ሲያልፍ አይታ። ባዘዘው በለሆሳስ «ኩራት አይደለም» ብሏት ነበር፤ «እሱ ቀድሞ ሰላም ያለው ሰው ‹ይህ ነርስ በምን አወቀህ?› ይባላል። ስለዚህ ሰላም እስኪሉት ይጠብቃል።»

ከዚያ ሌላም ትዝ አላት። ዘጠኝ ቁጥር በተከፈተ ሰሞን ባዘዘው አንድ ቀን ከሥራ ዘግይቶ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ዝናብ አርሶት ገባ። ቀብር ነበርኩ አለ። እራቱን አልነካም።

«ማን ሞተ?»

«በር ላይ የማውቀው ሰው።»

«ምን ሆኖ?»

«ተመልሶ» አለ። «በሩ ድረስ መጥቶ ሻይ ቤቱን ያይና ይመለሳል። እንደገና ይመጣል፤ ይመለሳል። እኔም ተቀምጬ አየዋለሁ።»

በማግስቱ ገበያ ወጥቶ ማጭድ ገዛ። እሷም ያን ጊዜ «ሐዘኑን በማጭድ ይረሳል ይሄ ሰው» ብላ ነበር።

ንጋቷ ባስልኤልን እጁን ይዛ ወደ በርሜሉ ጥግ ወሰደችው። «ልጄ» አለችው፣ «የጤና ጣቢያውን ሳር ማን ነበር የሚያጭደው?»

ባስልኤል አያት። ከዚያ አጥሩ ላይ የተሰቀሉትን ማጭዶች አየ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ፣ እግዜር ይወቀው።

«ማንም» አለ። «ማንም አጭዶት አያውቅም፣ እማማ ንጋቷ።»

«እንዲያ ነው?»

«እኔ የሰው ስም አልጠራሁም።»

«እኔም አልጠየቅኩህ።»

በዚያች ማታ ንጋቷ ጎኗን አሳርፋ ባሏ ላይ ተቆጣች። ማጭድ ተሸክሞ፣ ተሰድቦ በጓሮ የሚገባን ሰው ማን ለዘጠኝ ቁጥር መጣ ይለዋል? ለሻይ ጠጪው ስድብ፣ ለእነዚያ መሸሸጊያ! ለእኔስ? ባንድ ትራስ እየተኛን ለእኔ ባለጌ ሆነህ ቆየህ? ደግሞ አሰበችው። ቢነግራት ኖሮ የሚነግራት የራሱን አልነበረም፤ የማቴዎስን፣ የአሕመዲንን፣ የዚያችን ልጅ ነበር። ስማቸው እንዲጠበቅ የእሱ ስም ጠፋ። እሷም አኮረፈችው፤ ያለ ጨው አበላችው። «ጨምርበት» ያሉትን አባት አሰበችና ብቻዋን ሳቀች፤ ለሐዘንተኛ ነውር ነውና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ።

የሠልስቱ ለት ጸሎቱ ተደርሶ፣ ንፍሮው ዞሮ፣ ድንኳኑ ሊነቀል ሲል፣ በፊት ለፊት በኩል ጩኸት ተሰማ። ማቴዎስ ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ አንዲት ጊደር በገመድ ይጎትታል። ከሸኮ ያን ሁሉ መንገድ ሊነጋጋ ሲል ተነሥቶ ነው ያመጣት። ጊደሯ ነጭ ነበረች።

ዳኛው ዞራት። «ቀይ አላልክም ነበር?»

ማቴዎስ ላቡን ጠረገ። «ዝናቡ በዛባት።»

«ጥቁር ጣል ጣል ያለውስ?» ብሎ ዳኛው ወደ አሕመዲን ዞረ። አሕመዲን የጊደሯን ሆድ ዝቅ ብሎ አየና «በዚህ በኩል ነበር» አለ፣ በጣም አዝኖ።

«ደግሞስ ይቺ ጊደር ናት!» አለች ካሰች። «እኔ ‹አልታለብ አለች› ብዬ አላወረድኩም? ያልወለደች ላም ምኗ ይታለባል? በሕዝብ ፊት አዋረዳችሁኝ።»

ሰው መሳሳቅ ጀመረ። አንዱ «እናንተ ሰዎች በእውነት ማን ናችሁ?» አለ፤ ሳቁ ቆመ። ማቴዎስ ገመዱን እጁ ላይ ይጠመጥማል፣ ይፈታል። ከዚያ ጥያቄ ማዶ ዘጠኝ ቁጥር አለ፤ ከዘጠኝ ቁጥር ማዶ ደግሞ ሻይ ቤቱ አለ፤ ሻይ ጠጪዎቹም ዛሬ ለቅሶ ደራሽ ሆነው እዚያው ተቀምጠዋል።

ንጋቷ ተነሣች። ልጅነቷን ጨምሮ ውሸት ተናግራ አታውቅም፤ ወገቧን በነጠላ አሥራ ጊደሯን በዓይኗ መረመረች።

«ቀይዋ እናትየዋ ናት» አለች። «ባዘዘው ያወራልኝ የነበረው እናቷን ነው። ይቺ የእሷ ልጅ ናት። ዓይኗን አታዩትም? ቁርጥ እናቷን!»

ካሰች አፏን ከፈተች። «ከትናንት ወዲያ ዶሮም አልነበረንም አላልሽኝም?»

«ሐዘን ያስረሳል» አለች ንጋቷ። «ዳኛ፣ እኔ ሚዛን ላይ ግጦሽ የለኝም። እንደ ቀድሞው እዚያው ሸኮ ትደር። ስትወልድ ቅቤ ይልክልኛል፤ ባዘዘውም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።» ወደ ማቴዎስ ዞራ «አይደለም?» አለችው።

ማቴዎስ ራሱን ነቀነቀ።

ካሰች ግን ገና አልበረደላትም። ከትናንት ጀምሮ ያቆየችውን አመጣችው። «እሺ፣ ባለላሙ ላም አለው፤ ባለማሳው ማሳ አለው። ይቺስ?» አገጯን ወደ ምሰሶው ቀሰረች። «አንቺ ልጅ፣ ከማጂ ድረስ መጥተሽ እንዲሁ አይለቀስም። ሚስቱ ባለችበት ተናገሪ። በምን ታውቂዋለሽ?»

ሎሚ ተነሣች። ፊቷ ገርጥቶ የተጠበሰ ጎደሬ መስሏል። «እኔ መዋሸት አይሆንልኝም» አለች። «ሞክሬ ነበር፤ እሳቸውም በር ላይ ‹አንቺስ ውሸት አትችዪም፣ ዝም ብለሽ ተሰደቢ› ይሉኝ ነበር። እሳቸውን የማውቃቸው እዚያ…» እጇ ወደ ጤና ጣቢያው አጥር ተነሣ። አሕመዲን ዓይኑን ጨፈነ። ማቴዎስ ጊደሯን ትቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ባስልኤል መሬት መሬቱን አየ።

ንጋቷ ቀድሞ በቆመችበት አልነበረችም። መቼ ወደ ጓሮ እንደሄደች፣ መቼ እንደተመለሰች ማንም አላየም። በእጇ ቢጫ ክር ያለው ማጭድ ይዛለች። ከየት እንደመጣ እሷም የማታውቀው ድምፅ ከውስጧ ወጣ፤ ድንኳኑ ተናወጠ፣ ጊደሯ ደነበረች።

«አንቺ ሳር አጫጅ! አሁን ነው የሚመጣው? ጓሮዬ ጫካ ሆኖ እባብ ሲያረግዝ ምሰሶ ታቅፈሽ ትውያለሽ! ቀጥ ብለሽ በጓሮ ግቢ፤ ዓይንሽን አልየው!»

ሎሚ ማጭዱን አየች፤ ንጋቷን አየች። ከዚያ እንደ ወትሮዋ ማጭዱን ተቀብላ ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ አንገቷን ሰበረች፣ በሰዉ ሁሉ ፊት አለፈች። አሕመዲን ፊቱን በሽርጡ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሻይ ጠጪዎቹ ልማድ ሆኖባቸው ሳቁ።

«ሳር አጫጅ ናት?» አለች ካሰች፣ ከልቧ አዝና። «ታዲያ ይህ ያሳፍራል? ሥራ እኮ ነው፣ ቀድማ ብትናገር ምናለ!» ጥፋቷን ልትክስ ይመስል ደረቷን መታች፦

«የበሩ ተቆጪ ምነው ዝም አለ፣
ስድቡ ናፈቀን ሰውየው የታለ።»

ይህች ብቻ እውነት ነበረች፤ ካሰች ግን ከሁሉ ደካማዋ ይቺ ናት ብላ ኖራለች።

ንጋቷ ጓሮ ስትደርስ ሎሚ አጎንብሳ ሳሩን በግራ እጇ ይዛ ማጭዱን እንደ ቢላዋ ትገዘግዛለች። ማጭዱ ከተገዛ ጀምሮ ሳር ቀምሶ አያውቅም፤ ዝጓል።

«እማማ፣ እኔ ማጨድ አልችልም እኮ» አለች ሎሚ።

«አውቃለሁ።»

አብረው ነጩት። አንድ እቅፍ ሲሞላ ንጋቷ ወስዳ ለጊደሯ ሰጠቻት፤ ነጯ ጊደር በምንም ነገር ጣልቃ ሳትገባ በላች። ማቴዎስ ሊጎትታት ሲነሣ ዝናቡ ደግሞ ጀመረ።

«ቀጠሮሽ መቼ ነው?» አለች ንጋቷ፣ ሎሚን ሳታያት።

«ሐሙስ።» ሎሚ እጇ ላይ ያለውን አረንጓዴ ጭማቂ በቀሚሷ ጠረገች። «ግን አዲሱ ዘበኛ ጨዋ ነው አሉ። ሰውን ሁሉ በስሙ ሰላም ይላል።»

«እሱን ለእኔ ተዪው» አለች ንጋቷ።

ሎሚ በቀጭኗ መንገድ፣ የሾላዋን ቅርንጫፍ አሳልፋ ሄደች። ንጋቷ ማጭዱን በጥቁር ነጠላዋ ጫፍ አደረቀችው። ቢጫውን ክር አጠበቀች። ምስማሩ ላይ ሰቀለችውና እጇ እንደ ልማዱ እጀታውን ወደ ውስጥ አዞረው። ከዚያ መልሳ ወደ መንገዱ አዞረችው፤ ሌሎቹንም እየነካች፣ አንድም ወደ ውስጥ የዞረ እንዳይኖር አየች።